የሐዋሳን ሼዶች ያስከፈተው ገበያ ነው ወይስ መንግሥት? የትኛውስ መንግሥት? (አንድ የኢንተርኔት የውይይት ክር ከነመልሶቹ)

ክሩ የተከፈተው ከሐዋሳ ነው። ከፋቹ የተነሣበት ነገር ሁላችንም የምንሰማው ክርክር ነው። ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲወራ አንዱ ወገን ርካሽ ጉልበት አመጣቸው፣ ገበያ ወሰዳቸው ይላል፤ ሌላው መንግሥት ሠራው፣ መንግሥት አበላሸው ይላል። እሱ ግን ገበያና መንግሥት ተለያይተው የታዩበት አንድም ደረጃ የለም ባይ ነው። ማስረጃውን በተርታ አስቀመጠ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፓርኩን የገነባው የቻይና መንግሥት ንብረት የሆነው የግንባታ ኩባንያ ሲሲኢሲሲ ነው፤ የተመረቀው በጁላይ 2016 ነው። ገንዘቡ የመጣው ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2014 ከሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ (ለውጭ ባለሀብቶች በዶላር የሚሸጥ የመንግሥት የብድር ሰነድ) ነው። ዋናው ገዢ፣ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች፣ አዲስ አገር መፈለግ የጀመረው በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው የልብስ ፋብሪካዎች ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሠራተኞች ከሞቱ በኋላ ነው። ሸሚዙ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ለአፍሪካ አገሮች ብሎ በ2000 ባወጣው የአጎዋ ሕግ ነው፤ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስለተሰረዘች ፒቪኤች ወጣ ሲልም ጨመረ። ታዲያ በዚህ ሁሉ መሀል ርካሽ ጉልበት የሚባለው ነገር ምን ያህል ይመዝናል? ስሜት ይቅር፣ ቁጥር ያለው ሰው ያምጣልኝ ብሎ ዘጋ።

መልስ 1 ቁጥሩን አመጣ፤ ለእኔ የክሩ ምሰሶ ይህ ነው። መላሹ ጠያቂውን በእርስዎታ አመስግኖ በኤፍኦቢ (መርከብ ላይ እስኪጫን ባለው ዋጋ) 5 ዶላር የሚሸጥ የወንድ የጥጥ ሸሚዝ ለምሳሌ ወሰደ። ያለ አጎዋ ወደ አሜሪካ ሲገባ መደበኛ ቀረጡ 19.7 በመቶ ነው። የአሜሪካ ጉምሩክ የሚያሰላው የመርከብና የኢንሹራንስ ወጪ ሳይጨመር ስለሆነ ቀረጡ 98.5 የዶላር ሳንቲም ይመጣል። ወደ ጉልበቱ ሲዞር፣ በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለሐዋሳ የጠቀሰው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢቆጠር 208 ሰዓት ነው፤ ለአንድ ሰዓት 12.5 ሳንቲም ይደርሳል። ሸሚዙ በመደበኛ ልኬት 25 ደቂቃ የሚፈልግ ቢሆንና የስፌት መስመሩ በ50 በመቶ ቅልጥፍና ቢሠራ፣ ስፌቱ 50 ደቂቃ ይፈጃል። የስፌቱ ደመወዝ እንግዲህ 10.4 ሳንቲም ነው። ቀረጡ ከደመወዙ ከ9 እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ኦፕሬተሯ (ሰፊዋ) ያለ አንዲት ሳንቲም ብትሠራ እንኳ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ፊርማ የተመለሰውን ቀረጥ መሸፈን አትችልም። ስለ ጉልበት ርካሽነት በየስብሰባው ያን ሁሉ ዓመት የተነገረው ንግግር ይህችን ሒሳብ አለመጥቀሱ ያሳዝናል።

መልስ 2 ሒሳቡን አርሞ አጸናው። ስፌት ብቻውን ጉልበት አይደለም፤ ቆራጩ፣ ልብስ ተኳሹ፣ ጥራት ተቆጣጣሪው፣ መካኒኩ፣ ማሸጊያው አለ፤ በ26 ዶላሩ ላይም ከሥራ ላለመቅረት የሚሰጥ አበልና ምሳ ይጨመራል። ስለዚህ የጉልበቱን ወጪ በሦስት አብዙት አለ። ሦስት እጥፉ 31 ሳንቲም ነው፤ አሁንም የቀረጡ ሲሶ ገደማ። ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር ጨመረ፦ የአሜሪካ ቀረጥ በጨርቁ ዓይነት ይለያያል። የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ ሲሆን የፖሊስተሩ 32 በመቶ ነው። ስለዚህ አጎዋ ሲነሣ ሁሉም ሼድ እኩል አልተመታም፤ ሰው ሠራሽ ጨርቅ የሚሰፋው የጥጡን እጥፍ ያህል ተመታ።

መልስ 3 የመክፈቻውን ጽሑፍ ቅደም ተከተል አረመ፤ እርማቱም ተገቢ ነበር። አጎዋ ስለተነሣ ፒቪኤች ወጣ የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ፒቪኤች የራሱን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ያስታወቀው በኖቬምበር 2021 ነው፤ ምክንያት ያደረገውም የጦርነቱን መባባስ ነበር። ኢትዮጵያ ከአጎዋ የወጣችው ግን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ነው፣ ከማሊና ከጊኒ ጋር። ሁለቱ ውሳኔዎች በአንድ ሰሞን መጡ እንጂ አንዱ የሌላው ልጅ አይደለም። ሥራ ያጡት ወጣቶች ግን በሁለቱም ተመቱ።

መልስ 4 ከአዳማ ነው፤ የትራንዚት ሥራ የሚያውቅ ሰው አጻጻፍ ነው። ክሩ በሙሉ ስለ ፖሊሲ ሲያወራ እሱ ወረቀቱን አነሣ። በአጎዋ ለሚላክ ልብስ የላኪው አገር ጉምሩክ በዋናው የንግድ ኢንቮይስ ፊት ላይ ክብ ማኅተም በሰማያዊ ቀለም ያደርግበታል፤ በላዩ የቪዛ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ብዛት ይሰፍራል። ቁጥሩ ባለ ዘጠኝ ምልክት ነው፦ የልብሱ መደብ አሃዝ፣ የአገሩ ሁለት ፊደል፣ ከዚያ ስድስት አሃዝ ተከታታይ ቁጥር። አንዱ ከጎደለ ወይም ከተሰረዘ መብቱ ይቀራል። ትልቁ ነገር ግን ይህ ነው፦ የሚቆጠረው ዕቃው አሜሪካ ለአገልግሎት የገባበት ቀን ነው። ከጅቡቲ የተጫነበት ቀን አይታይም። በኖቬምበር መጨረሻ ከሐዋሳ የወጣ ኮንቴይነር በባቡርም ይሁን በመኪና ጅቡቲ ደርሶ፣ መርከብ ጠብቆ፣ ውቅያኖስ አቋርጦ ጃንዋሪ 2 ቢደርስ ሙሉ ቀረጥ ይከፈልበታል። ከፋዩ አስመጪው ስለሆነ ፋብሪካው የሚነካ አይመስልም፤ ግን በማግስቱ ገዢው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ከሚቀጥለው ትዕዛዝ ዋጋ ቀንሱ ይላል። ሁለት መንግሥታት የተጣሉበት ዕዳ በዚህ መንገድ አንድ ሼድ ውስጥ ያለ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ላይ ይወርዳል።

እዚህ ድረስ ውይይቱ ጨዋ ነበር። መልስ 5 አሜሪካ በራሷ ገበያ ላይ የፈለገችውን የማድረግ ሙሉ መብት አላት፣ ስጦታ ለምን ተወሰደ ተብሎ አይከሰስም ሲል ነገሩ ሻከረ። በሕግ ደረጃ አልተሳሳተም። አጎዋ ድርድር የተደረገበት ውል አይደለም፤ ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ ማን ብቁ እንደሆነ የሚወስንበት የአሜሪካ የውስጥ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ በ2003 ለዓለም ንግድ ድርጅት አመልክታ ያኔ ገና አባል አልነበረችም፤ አባል ብትሆንም ለእንዲህ ያለ ችሮታ የምትከራከርበት ጠንካራ መሠረት አይኖራትም ነበር።

መልስ 6 ሰፋ ያለ ታሪክ ይዞ መጣ፤ ሊነበብ የሚገባው ነው። ከ1974 እስከ 1994 የልብስ ንግድ በኮታ ስምምነት ይመራ ነበር፤ ቅሪቱ በደረጃ እየተነሣ እስከ 2005 መግቢያ ቆየ። አሜሪካና አውሮፓ ከሆንግ ኮንግና ከደቡብ ኮሪያ የሚገባውን ልብስ በብዛት ሲገድቡ፣ የእነዚያ አገሮች ኩባንያዎች ኮታ ያልሞላበትን አገር ፍለጋ ወጡ። የኮሪያው ዴዉ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከባንግላዴሽ ኩባንያ ጋር የተጣመረው በዚያ ምክንያት ነው። ዛሬ ርካሽ ጉልበት ፈጠረው የምንለው የባንግላዴሽ ልብስ ኢንዱስትሪ አጀማመሩ ሌሎች መንግሥታት በሌሎች ላይ የጣሉት ገደብ ነው። ማዳጋስካርንም ጠቀሰ፦ ከ2009ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ከ2010 ጀምሮ ከአጎዋ ወጣች፣ በ2014 ተመለሰች። በዚያ መሀል በአውሮፓ ገበያ የያዙት ተረፉ፣ አሜሪካን ብቻ የያዙት ዘጉ። የመላሹ ምክር ግልጽ ነበር፤ አንድ ፓርክ ሙሉ በአንድ አገር ሕግ ላይ አይንጠለጠል።

መልስ 7 ይህን ሁሉ አልፎ ነገሩ ሁሉ የምዕራቡ ሴራ ነው አለ። መልስ 8 እርስዎ ማለቱን ትቶ አንተ እያለ መለሰለት፤ ዩሮቦንዱን ማን አስገድዶ አሸጠን ብሎ ጠየቀው። መልስ 7 ሌላ ጊዜ ተመልሶ ያው ነገር ደገመ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ከስድቡ መሀል ግን አንድ ቁም ነገር ወጣ፤ የዕዳው ጉዳይ።

መልስ 9 ዩሮቦንዱን ፈታታው። ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ ነው፤ በዓመት 66.25 ሚሊዮን ዶላር፣ በየስድስት ወሩ ሲከፈል 33.125 ሚሊዮን። ሲሸጥ ዶላሩ 20 ብር ገደማ ነበር፤ አንዱ ክፍያ 660 ሚሊዮን ብር ያህል ይፈጃል። በዲሴምበር 2023 ዶላሩ በመንግሥት ተመን 56 ብር ገደማ ደርሶ ነበር፤ ያው ክፍያ ከ1.8 ቢሊዮን ብር በላይ ሆነ። ዕዳው በዶላር አልጨመረም፤ በብር ሲታይ ግን ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ። ያ ክፍያ ሳይከፈል ቀረ፤ የችሮታው ጊዜም አለፈ፤ የብድር ደረጃ ሰጪዎቹ ኤስ ኤንድ ፒና ፊች ሁለቱም አገሪቱን ከፊል ክፍያ አቋራጭ ብለው መደቧት። ብዙ ሰው 33 ሚሊዮን ዶላር ጠፍቶ ነው ወይ ይላል። መላሹ እንዳስረዳው ነገሩ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ በፌብሩዋሪ 2021 በቡድን 20 ማዕቀፍ ዕዳዬ ይሸጋሸግልኝ ብላ ጠይቃ ነበር፤ ማዕቀፉ አበዳሪዎች ሁሉ ተመጣጣኝ አያያዝ ይደረግላቸው ይላል። የቻይናን ክፍያ አቁሞ የቦንድ ባለቤቶችን መክፈል ቻይናን ያስቆጣል። በቻይናና በፈረንሳይ ጣምራ ሊቀመንበርነት የሚመራው የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ የ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ላይ በመርህ የተስማማው በማርች 2025 ነው። የቦንድ ባለቤቶቹ ድርድር ለብቻው ሄደ።

እዚህ ላይ የእኔን አስተያየት ልጨምር። ከዚህ ክር የምይዘው ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። አንድ ሼድ የተሠራበት ብድር በዶላር፣ ደመወዙ በዶላር ፊት በሚረክስ ብር፣ ሽያጩ ደግሞ በሌላ አገር ቀረጥ ላይ ተንጠልጥሎ ሲቆም፣ ሦስቱም ተከታትለው ሊወድቁ ይችላሉ። በእኛ ወደቁም።

መልስ 10 አጭር ነበር፤ በዓለም የገንዘብ ድርጅት ዋና ዋና ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ይጠይቃሉ፣ አሜሪካ ብቻዋን 16.5 በመቶ ገደማ አላት፣ ስለዚህ ብቻዋን ታግዳለች። መልስ 11 ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጁላይ 2024 ገባ። ብር ለገበያ ተለቀቀ፤ የ3.4 ቢሊዮን ዶላሩ የድርጅቱ ፕሮግራም በዚያው ጊዜ ጸደቀ። ላኪዎች በፊት ካገኙት ዶላር 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ ያስረክቡ ነበር፤ 10 በመቶው ለባንካቸው ይሸጣል፤ እነሱ የሚይዙት 20 በመቶ ነው። በዚያ ለውጥ 50 በመቶ መያዝ፣ የቀረውን ለባንኮች መሸጥ ጀመሩ። ለፋብሪካው ይህ ምን ማለት ነው? ወር ደመወዟ 2,000 ብር የሆነች ኦፕሬተር ዶላሩ 57 ብር ሳለ 35 ዶላር ታስወጣ ነበር፤ 120 ብር ሲገባ 17 ዶላር ያህል። የዚህን ጉዳት ማን እንደተሸከመው ግልጽ ነው፤ ዘይትና የቤት ኪራይ በ57 ብር አልቆሙምና። ግን ፋብሪካውም የሚያስበውን ያህል አላተረፈም። ከ5 ዶላሩ ሸሚዝ 3 ዶላሩ ጨርቅ፣ ቁልፍና ክር ቢሆን፣ እሱ በዶላር ገብቶ በዶላር ይወጣል፤ የብር መውደቅ የሚያቀለው የቀረውን ብቻ ነው። በአገሪቱ ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አለመኖሩንም አነሣ፤ በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። ይህ ነጥብ ብዙ ውይይት ይገባው ነበር፤ ማንም አልተከተለውም።

ምክንያቱም መልስ 12 እና 13 መንገድ ላይ ወጡ፤ የሞጆ–ሐዋሳ ፈጣን መንገድ ከአዲስ አበባ–አዳማው ይሻላል አይሻልም እያሉ ተከራከሩ። ከአዳማ የሚጽፈው ሰው ገብቶ ለጭነት ዋናው ነገር ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ነው ብሎ አቋረጣቸው፦ የማሸጊያ ዝርዝሩ ክብደት ከመጫኛ ሰነዱ ጋር ካልገጠመ ኮንቴይነሩ ይቆማል፤ የመርከብ ድርጅቱ ነፃ ቀናት ካለቁ ደግሞ ዲመሬጁ (የመዘግየት ክፍያው) በዶላር በየቀኑ ይቆጥራል።

መልስ 14 ክሩን ወደ ቡና ወሰደው፤ ሲዳማ ተቀምጦ ስለ ዓለም ኢኮኖሚ ሲያወሩ ቡና አለመነሣቱ ያስቆጣው ይመስላል። ከ1962 ጀምሮ አምራችና ገዢ መንግሥታት በኮታ ዋጋ ይደግፉ ነበር፤ ስምምነቱ በ1989 ፈረሰ፣ ዋጋውም ወደቀ። ከዚያ ወዲህ የዋጋው መነሻ በኒውዮርክ የሸቀጥ ገበያ የሚሸጠው የቡና ውል ነው፤ አንድ ውል 37,500 ፓውንድ ነው፣ በእኛ ፈረሱላ ሲመነዘር 1,000 ፈረሱላ ይሆናል። ቡና በእጁ ነክቶ የማያውቅ ነጋዴ በቀን ስንት ሺህ ፈረሱላ ይገዛል፣ ይሸጣል። መንግሥት ግን እዚህም አቅም እንዳለው አሳየ፦ ኢትዮጵያ በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች፤ የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ያለ አንድ መርከብና ያለ አንድ ፋብሪካ፣ በስም ባለቤትነት ብቻ የተገኘ የመደራደር ጉልበት ነው።

መልስ 15 የአውሮፓን የደን ጭፍጨፋ ደንብ አስከትሎ ጻፈ። ደንቡ የወጣው በ2023 ነው፤ ተፈጻሚነቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተጨፍጭፎ የተተከለ ቡና አይገባም። ለእያንዳንዱ ማሳ የቦታ መረጃ ያስፈልጋል፤ ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ 6 አሃዝ ኖሮት። በዚህ ሥራ የሚበላሸው ሁለት ነገር ነው አለ። አንዱ፣ መዝጋቢው ማሳው ውስጥ ሳይገባ ከገበሬው ደጃፍ ቆሞ ነጥቡን ይይዛል፤ ነጥቡ ሌላ ማሳ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው፣ የብዙ ገበሬ ቀይ ቡና እሸት መፈልፈያ ጣቢያ ላይ ሲቀላቀል ያልተመዘገበው ከተመዘገበው ይገባል፤ ያን ጊዜ ሙሉው ጭነት ይበከላል።

መልስ 16 ወደ ሸሚዙ ተመለሰ፦ አጎዋ የለም፤ ታዲያ የት ይሸጥ? ለአውሮፓ በ2001 የጀመረው ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉም ነገር ያለ ቀረጥ ይግባ የሚለው ሥርዓት አለ፤ ቻይናም ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ እጅግ ዝቅተኛ ዕድገት ላላቸው አገሮች ቀረጡን ሙሉ በሙሉ አንሥታለች። መልስ 17 አውሮፓም ይነጥቃል፣ ካምቦዲያን ተመልከት ሲል በቁጣ ጻፈ። እውነት ነው፤ በኦገስት 2020 ካምቦዲያ የመብቱን ከፊል በሰብአዊ መብት ምክንያት አጥታለች። መልስ 16 ግን አልሸሸም። ልዩነቱ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ነው አለ፤ የአውሮፓው ማጣራት ወራት ይወስዳል፣ በዕቃ ዓይነት ለይቶም ሊነሣ ይችላል፤ የአሜሪካው በዚያ በ2021 ከማስታወቂያው እስከ ተፈጻሚነቱ ሁለት ወር ብቻ ነበር። ለፋብሪካ ሁለት ወር ማለት አንድ ትዕዛዝ እንኳ የማይጠናቀቅበት ጊዜ ነው።

የመጨረሻዎቹ መልሶች የሥራ ናቸው። አንድ ሰው፣ መልስ 18፣ ከአንድ ሼድ ያነሰ ቦታ ይዞ ወደ አውሮፓ ለመላክ ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀ። መልስ 16 እንዲህ አስረዳው፦ ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ ካልበለጠ ማንኛውም ላኪ ኢንቮይሱ ላይ የትውልድ አገር መግለጫ መጻፍ ይችላል። ከበለጠ ግን አስቀድሞ በተመዘገቡ ላኪዎች ሥርዓት ገብቶ ቁጥር ማውጣትና ቁጥሩን መግለጫው ውስጥ ማስፈር ግድ ነው። ጨርቁ ከቻይና ቢመጣም ከ2011 ጀምሮ ለእኛ ዓይነት አገሮች ይፈቀዳል፤ ጅቡቲ ላይ ግን ዕቃው ሊለወጥ ወይም እንደገና ሊሠራ አይገባም። ጠያቂው ጨርቁ ቻይና ተቆርጦ ቢመጣና እዚህ ቢሰፋ ወጪ ይቀንስልኛል፣ ይቻላል ወይ አለ። አይቻልም ተባለ፤ ደንቡ ከጨርቅ ተነሥቶ መሠራትን ይጠይቃል፣ ተቆርጦ የገባ እጅጌና ኮሌታ ጨርቅ አይባልም፤ የመቁረጫ ጠረጴዛውና ቆራጩ ሐዋሳ መሆን አለባቸው።